አገር ስጪኝ

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር ጀምሮ የወረደው ዝናብ መብራቱን ይዞት ሄደ። ልጆቼ ቻርጅ የጨረሰ ስልካቸውን አቅፈው ሲያኮርፉ፣ እኔ የምድጃው ፍም ውስጥ ጥቂት ድንች ቀብሬ ቁጭ አልኩ። ልጣጩ ሲያር የሚወጣው የአፈርና የጭስ ሽታ ቤቱን ሲሞላው እነሱ ኩርፊያቸውን ትተው ቀረብ አሉ፤ እኔ ግን አጠገባቸው አልነበርኩም። ከገበያው በላይ በነበረችው በአባቴ ቤት፣ በታላቅ እህቴ በእትዬ ስመኝ ጋቢ ውስጥ ነበርኩ።

ደብረ ታቦር ክረምት ሲገባ ከጉና የሚወርደው ብርድ ቀልድ አያውቅም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉሙ አንዳንድ ቀን ደጃፍ ድረስ መጥቶ የጎረቤትን አጥር ይውጠዋል፤ ስለዚህ የእኛ ዕረፍት መሄጃ የሌለው፣ መሄድም የማያሰኝ ዕረፍት ነበር። አባባ ልብስ ሰፊ ነበርና ማሽኑን ከበረንዳ ወደ ውስጥ ያስገባል። በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም ስለማይሰማ ሁላችንም አፋችንን ዘግተን እሳቱን እናያለን፤ ሲያባራ ደግሞ ሁላችንም ባንድ ጊዜ እናወራለን። ፍልሰታ ነውና ወተትና ቅቤ የለም፤ ትኩስ የገብስ ቆሎና የፍም ድንች እያለ ግን ጾም መሆኑ ትዝ የሚለን፣ እማዬ ቅዳሴ ሳይወጣ እንዳትነኩ ስትለን ብቻ ነበር።

ሲመሽ እንቆቅልሽ ነው። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ የተሰጠው ደግሞ እዚያ አገር ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደለበሰ በደንብ ከተኩራራ በኋላ ነው መልሱን የሚናገረው። እትዬ ስመኝን በዚህ ጨዋታ የሚችላት አልነበረም። እኔ ደግሞ በጨዋታ የተሰጠ አገር በእውነትም የሚሰጥ ይመስለኝ ስለነበር፣ ጎንደርን ወይም አዲስ አበባን ሰጥቼ እህቴን ከቤት ላስወጣት ነው? ገሳይን እሰጣታለሁ፣ ቢበዛ አንበሳሜን፤ ጠዋት ሄዳ ለራት የምትደርስባቸውን። ገሳይን ስንት ጊዜ እንደወሰደች እግዜር ይወቀው። አባባማ፣ እንግዲህ የገሳይ ገዢ ሆነሻል፣ ለእኛም መሬት ምሪን እያለ ይስቅባት ነበር።

አንድ ምሽት አባባ ራሱ ተሸነፈ። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ምንድን ነው ብላ እህቴ ብትጠይቀው፣ ደጅ ጎርፉ እያጓራ መልሱ ጠፋው።

«ቤይሩትን ሰጠሁሽ» አላት እየሳቀ።

የጎረቤታችን ልጅ በዚያ ዓመት ለሥራ ቤይሩት ሄዳ ስለነበር አፉ ላይ የመጣለት አገር ነበር። እህቴ ግን እንደ ወትሮዋ አልተኩራራችም። አንገቷን ደፍታ፣ ከዚያች ልጅ ጋር ስትላላክ እንደከረመች፣ ፓስፖርቷም እንደደረሰ ተናገረች። እማዬ የዘገነችውን ቆሎ መልሳ ሰፌዱ ላይ አፈሰሰችው። መልሱ ውሃ መሆኑን ያን ምሽት የተናገረ የለም።

ከዚያ በኋላ አባባን አኮረፍኩት። እሱ በአፉ ባይሰጣት ኖሮ አትሄድም ነበር ብዬ ነበር የማምነው፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ቢሰፋልኝም አልተቀበልኩትም። አላስተባበለም። አሁን ሳስበው እሱም በልቡ እንደኔ ያምን የነበረ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲያ እንቆቅልሽ ሲጠየቅ አላውቅም ይላል እንጂ አገር የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም።

የቡሄ ዕለት፣ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ውለው ሙልሙላቸውን ይዘው ከተበተኑ በኋላ፣ እሳቱ ዳር ተሰበሰብን። እህቴ በማግስቱ መንገደኛ ናት። ጋቢዋን ገልጣ አስገባችኝና እንቆቅልሽ አለችኝ። ምን አውቅልሽ አልኳት፤ ጠየቀችኝ። መልሱን ባውቀውም አልናገረውም ነበር።

«አገር ስጪኝ» አለች።

«ደብረ ታቦርን ሰጠሁሽ።»

አባባ ማሽኑን አቆመ። እህቴ ደብረ ታቦር ገብታ ምን እንደበላች፣ ምን እንደለበሰች መናገር ነበረባት፤ እሷ ግን ጋቢውን ጠበቅ አድርጋ ደረበችልኝና፣ መልሱን ስመለስ እነግርሻለሁ አለችኝ።

አልተመለሰችም። መጀመሪያ ሥራ፣ ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ ልጆች ሆነና እዚያው ቀረች። እማዬንም አባባንም እሷ በስልክ እያለቀሰች እኔ ቀበርኳቸው፤ ቤቱም ተሸጦ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ጉሙና ብርዱ እንዳሉ አሉ። ብርድ ልብስም ዛሬ ለየራሳችን አለን፤ አንድ ጋቢ ውስጥ ሁለት ሆኖ መሞቅን ግን ልጆቼ አያውቁትም፣ እኔም እንዴት እንደማስተምራቸው አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት መብራት ሲመጣ ደወልኩላትና ያ የቡሄ ምሽት መልስ ምን ነበር አልኳት። ጥያቄውን ራሱ ረስታዋለች፤ እኔም ረስቼዋለሁ፤ ሁለታችንም ብንፈልግ አጣነው።

«አገሩን ግን አልመለስኩልሽም» አለችኝ፤ «የኔ ነው ብዬ ነው የምኖረው።»

ነይና ግቢበት ልላት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። የምታውቀው ቤት የለም፣ በዚህ ከተማ በስሟ የሚጠራትም ከእኔ ሌላ አልቀረም።