«ደረጃ» የሚለው መስመር

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራት ነው። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ ጎረቤት ማመልከቻ ሲያስፈልገው የሚጠራው እኔን ነው። እስክሪብቶ ስይዝ ደስ ይለኛል፣ እጄ አይቆምም። የማፍርበትን ነገር የሠራሁትም በዚሁ እጄ ስለሆነ ራሱ ይጻፈው ብዬ ነው።

የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት የወጣ ሰሞን በከተማችን በገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጥር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንድ አስጎብኚ ሳይክሎቹን ከባሕር ዳር በአይሱዙ ጭኖ አምጥቷል። በእረፍታችን ሰው በትንሽ በትንሽ ቡድን እየመራ ሊያስጎበኝ ነው። ሦስት ጉዞ አለው፦ ከተማውን የሚዞር፣ ሽንፋ ወንዝ ደርሶ የሚመለስ፣ መተማ ዮሐንስ አድሮ የሚመጣ። እማዬ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ከክፍል ሁለተኛ ወጥቼ ስለነበር «ምረጪ፣ ስጦታሽ ነው» አለችኝ። «ብቻሽን ግን አትሄጂም። ጓደኛሽንም አብሬ አስመዘግባታለሁ።»

ጓደኛዬ የክፍሌ ልጅ ናት። አባቷ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ሳይክልን በኛ በኩል ሱዳን የሚመላለሱት አጀላ ይሉታል፣ እነሱም ቤት ስሙ አጀላ ነው። የአባቷ አጀላ ቁመቱ ከእሷ አይተናነስም። እሷ ግን ሁለት ጀሪካን ውሃ ከኋላ አስራ በአሸዋው ላይ ታስኬደዋለች።

ማስታወቂያው ሥር ቆመን ስንመርጥ የኔ ዓይን መተማ ላይ ነበር። አድሮ መምጣት! ለክፍል ልጆች የማወራው ሁሉ ታየኝ።

«ኧረ ተይው» አለችኝ። «እሱ ከሰዓት የሚነዳ ነው። በዚህ ፀሐይ እንኳን ሰው ጎማውም አይችል። ሽንፋ ይሻላል። በጠዋት ወጥቶ ወንዙ ጥላ ውስጥ ማረፍ ነው።»

«መተማ የምነሳው ፎቶስ?»

«አንቺ ፎቶሽን አስቢ፣ እኔ ልጠይቀው።»

አስጎብኚው ቢሮ ገብታ የጠየቀችውን እስካሁን አስታውሳለሁ። አንድ መሪ ስንት ሰው ይይዛል? ጎማ ቢፈነዳ መንፊያውና ማጣበቂያው ማን ጋ ነው? ወደ ኋላ የሚቀረውን ማን ያየዋል? መንገዱ ሰላም መሆኑን ማንን ጠየቁ? አስጎብኚው መጀመሪያ ፈገግ እያለ ነበር የሚመልስላት፤ ኋላ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንድ ቡድን አምስት ሰው ብቻ ነው፣ የሽንፋው ቅዳሜ ይወጣል፣ የቀረው ሁለት ቦታ ነው አለን። ለእኛ የተቀመጠ መሰለን።

ፎርሙ የኔ ሥራ ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ «ደረጃ»። ካርዳችንን ከተቀበልን ገና ሳምንት አልሞላንም፣ ካርዱም ላይ ከታች የሚለው «ደረጃ» ነው። «2ኛ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ከዚያ የእሷን ፎርም ከእጇ ወሰድኩ።

«ደረጃሽ ስንት ነበር?» አልኳት፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ለምንድነው እሱ?»

«ፎርሙ ይጠይቃል እኮ!»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነገረችኝ። «37ኛ» ብዬ ጻፍኩ። አጨዳ ሲደርስ ከአባቷ ጋር እርሻ ስለምትወርድ ስንት ፈተና እንዳመለጣት አውቃለሁ። እያወቅሁ ቁጥሩን ጥርት አድርጌ ነው የጻፍኩት።

አስጎብኚው መጀመሪያ የኔን አነበበ። «ሁለተኛ ደረጃ። ጎበዝ፣ ለሽንፋ የሚሆነው እሱ ነው» አለና አከበበበት። ከዚያ የእሷን አነሳ።

«ሠላሳ ሰባተኛ?» አለ። «እኔ ያለኝ ሦስት የመንዳት ደረጃ ነው፤ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። ሠላሳ ሰባተኛውን ከየት አመጣሽው?»

ከኋላችን የቆመ የክፍላችን ልጅ በሳቅ ፈነዳ። «የክፍል ደረጃዋን ነው! ካርዷን ገልብጣ ነው እኮ!» ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አስጎብኚውም ሳቀ፣ በክፋት አልነበረም።

ያኔ ገባኝ። የኔም «2ኛ» ያው ስህተት ነው። ልዩነቱ የኔ ስህተት ሳይታሰብ መካከለኛ ላይ ማረፉ ነው። «የሞላሁት እኔ ነኝ» ብል ያልቅ ነበር። ጓደኛዬ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ግዴለም እህቴ፣ ከጀማሪዎቹ ጋር ትሆኛለሽ» አላት አስጎብኚው። እኔን ትታ ወጣች።

ሁለት ቀን ወደ እሷ አልሄድኩም። ለጉዞው ኮፍያ ሁሉ መርጫለሁ። አርብ ምሳ ላይ እማዬ «ጓደኛሽስ ተዘጋጀች?» አለችኝ።

«እሷ ጀማሪ ጋር ሆነች።»

«ማን? ያን ሁሉ ጀሪካን የምትጭነው? በይ ንገሪኝ፣ ምን ሠራችሁ?»

«ሠራችሁ» አለች። የሠራሁት ብቻዬን ነው። ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሼ ወጣሁ።

አስጎብኚው ሳይክሎቹን ሲያጥብ አገኘሁት። «ጋሼ፣ የሁለቱም ፎርም ጽሑፍ የኔ ነው። የኔም ሁለተኛ የክፍል ነው» አልኩት።

«ሳይክልስ ትችያለሽ?»

«ቀጥ ባለ መንገድ እችላለሁ።»

አንዱን ሳይክል ሰጠኝና እስከ ነዳጅ ማደያው ደርሰሽ ነይ አለኝ። ደረስኩ። መዞር ስለማልችል ወረድኩና በእጄ አዙሬ እንደገና ወጣሁበት። ስመለስ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

ሳይክሉን መለስኩለት። እሱም ተቀበለኝ።

«አንቺ ከጀማሪዎቹ ጋር ትሆኛለሽ። እሷ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መጥታ ከነዳች ቦታው የእሷ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።»

ባጃጅ አልጠበቅሁም፣ ሮጥኩ። ቤታቸው ስደርስ አባቷ በር ላይ ተቀምጠው ማጭድ ይሞርዳሉ።

«እንደምን ዋሉ አባባ፣ አለች?»

«አለች። ምነው፣ ውሻ አባረረሽ እንዴ?»

ከጓሮ ወጣች። እጇ ቅባት በቅባት ነው። ሁሉንም ሳላቋርጥ ነገርኳት፦ አስጎብኚውን፣ ማደያውን፣ አሥራ አንድ ሰዓትን።

«እንድትስቁብኝ ደግሜ ልምጣ?»

«እኔ አልሳቅሁም!»

«አልሳቅሽም። መሬት መሬት ነው ያየሽ። የሳቁትንማ አላውቃቸውም፣ አንቺን ነው የማውቅሽ።»

አባቷ መሞረዱን አቆሙ። «ምንድነው እሱ?» አሏት።

«ምንም አይደለም አባቴ። አጀላውን ልውሰድ?»

«ሽንፋ ለመሄድ ነው?»

«አዎ፣ ሽንፋ» አለችና ወደኔ ዞረች። «ለሽንፋ ብዬ ነው። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

ከኋላ አላስቀመጠችኝም። እሷ እየነዳች፣ እኔ አቧራዋን እየቃምኩ ሄድን። እኔ ስደርስ ማደያውን ሁለቴ ዞራ ጨርሳለች። አዲሱን ፎርም ራሷ እየሞላች ነበር፣ እኔን ቀና ብላም አላየችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እነሱ በሽንፋ መንገድ ሲወጡ እኔ ከሦስት ሕፃናት ጋር ከተማ ስዞር አረፈድኩ። ረፋድ ላይ ተመለሱ። ያ የሳቀው የክፍላችን ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ከሳይክሉ ወረደና «ሠላሳ ሰባት እኮ ጨረሰችን! ዳገቱ ላይ ጥላን ጠፋች!» አለ። ሌሎቹም «ሠላሳ ሰባት! ሠላሳ ሰባት!» እያሉ አጨበጨቡላት።

ማሞገሳቸው ነበር። እሷ ግን ፊቷ ጠቆረ። ስም ወጥቶላታል፣ ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ ሰኞ ደግሞ ትምህርት ቤት ይከተላታል። ለአስጎብኚው ለብቻው መናገሬ ምንም እንዳልፈየደ ያኔ ነው የገባኝ።

«ያን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ!» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ። «ፎርሙን ከእጇ ወስጄ። የራሴንም የክፍል ደረጃ ነው የሞላሁት። ሲስቁባት ዝም አልኩ።»

የክፍላችን ልጅ ላቡን ጠረገና «እና አንቺ በሳይክል ስንተኛ ነሽ?» አለኝ።

አንዱ ሕፃን ቀደመኝ። «የእኛ ናት! አራት ጊዜ ወደቀች!» አለ።

ሳቁብኝ፣ አስጎብኚው ሳይቀር። ፊቴ ነደደ። ከሁሉም ረጅም የሳቀችው ጓደኛዬ ናት፤ ሌሎቹ ካቆሙ በኋላ እንኳ የሳይክሏን እጀታ ይዛ ትስቅ ነበር። ከኔ ጋር ትሳቅ፣ በኔ ትሳቅ አላወቅሁም። አልጠየቅኋትም። እስክትጨርስ ድረስ ቆሜ ጠበቅኋት።