ለእትዬ ሙሉዬ የተሰጠው ወርቅ

እትዬ ሙሉዬ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አዳማ ውስጥ የሙሽራ ልብስ እሳቸው ካልተኮሱት አያምርም ይባላል። ካውያ የያዙት በወጣትነታቸው፣ ቢሾፍቱ ቤተ መንግሥት ተቀጥረው ነው። አንድ ሰሞን የውጭ እንግዶች መጡ፤ ባልደረባቸው ታማ ስለነበር የግብዣውን የጠረጴዛ ልብስ ሁሉ ብቻቸውን ተኩሰው ጨረሱ። ከግብዣው በኋላ መታሰቢያ ሲታደል፣ ዘውድና የንጉሡ ስም የተቀረጸበት የወርቅ የደረት ጌጥ ተሰጣቸው። ደርግ ሲመጣ ባለቤታቸው ፈርተው ከጌጡ ጋር የተሰጣቸውን የምስክር ወረቀት አቃጠሉት። ጌጡን ግን እትዬ ሙሉዬ ቀሚሳቸው ጠርዝ ውስጥ ሰፍተው አቆዩት።

ባለፈው ዓመት የጌጡ ማያያዣ መርፌ ተሰበረ። የልጅ ልጃቸው ሀሴት ልታገባ ስለነበር፣ ለሠርጉ አስጠግነው ሊያደርጉት ፈቃዱ የሚባል ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወሰዱት።

«እማማ፣ ይህን ከየት አመጡት?» አላቸው አገላብጦ እያየ።

«ከቤተ መንግሥት። ተሸልሜ ነው።»

«እዚያ ምን ነበሩ?»

«ልብስ ተኳሽ።»

ፈቃዱ ሳቀ። ደንበኞቹም ሳቁ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ፣ «አንዲት አሮጊት የተሰረቀ ወርቅ ይዘው መጥተዋል» ብሎ ለፖሊስ ተናገረ።

ፖሊሶች መጥተው ጣቢያ ወሰዷቸውና የጌጡን ወረቀት ጠየቋቸው። ከየት ያምጡ? ሦስት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆዩ። በመጨረሻ ኃላፊው መጣና፣ «ወርቅ ጠፋኝ ብሎ ያመለከተ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም።»

«ታዲያ እናትየዋን ለምን ያዛችኋቸው?»

ጌጡ ተመለሰላቸው። አብሮ ጣቢያ የመጣው ፈቃዱ ግን ይቅርታ አላለም። ይልቅስ እስከ ጣቢያው በር ድረስ ተከትሏቸው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ከሸጡት ጥሩ ዋጋ እሰጥዎታለሁ» አላቸው።

ዞር አሉበት። «አሁን የእኔ ሆነ? ላስጠግነው ስመጣ ሌባ፣ ስሸጥልህ ባለቤት?»

ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ሀሴት «ይተዉት እማዬ» ብትላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። በማግስቱ ሱቁ በሰው እስኪሞላ ጠብቀው ገቡ።

«ሌባ ያልከኝ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት በል።»

ፈቃዱ ሚዛኑን መወልወል ያዘ። አንዲት ደንበኛ፣ «በል እንጂ! እናትህ ይሆናሉ እኮ!» ብላ ጮኸችበት።

«ይቅርታ እማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አልሰማሁም።»

ደገመው።

መርፌውን ገርባ የሚባል ሰዓት ጠጋኝ በየደላቸው። በሠርጉም ዕለት ጌጡን ደረታቸው ላይ አድርገውት ዋሉ። ንዴታቸው ግን ዛሬም አልበረደም። «ያቺ ሴት ባትጮህበት ኖሮ ይቅርታ ይል ነበር?» ይላሉ።