ሸህ አብዱልጀሊል ቧንቧ ላይ ያሰሩት ማግኔት

አስያ መካነ ሰላም ውስጥ የመጠጥ ውሃ የምትመረምር፣ እውነት በሆዷ የማታሳድር ሴት ናት። የሆቴል ባለቤትም ይሁን ሹም፣ ውሃው ከቆሸሸ ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ምላሷ የሚተሳሰረው አንድ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ በልጅነቷ ቁርአን ያስቀሯት መምህሯ ሸህ አብዱልጀሊል ፊት።

ታዲያ ሸሁ ደረሳዎቻቸው፣ ቁርአን የሚቀሩት ልጆች፣ የሚጠጡበት ቧንቧ ላይ ማግኔት አሰሩ። የቀድሞ ደረሳቸው ረመዳን፣ ዛሬ ደሴ ላይ የሚነግደው፣ «ጀርም ይገድላል» ብሎ ያመጣላቸው ነው። ሰፈሩ ይህን አይቶ መች ያርፋል! አንዱ ገዝቶ፣ አንዱ ከተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ፣ ያላሰረ ጠፋ።

አስያ ከሸሁ ግቢ ታንከርም፣ ማግኔቱን አልፎ ከሚወርደው ቧንቧም ውሃ ቀዳች። በሁለት የመመርመሪያ ሳህን አድርጋ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አሳድራ ስታየው፣ የባክቴሪያው ነጠብጣብ ሁለቱም ሳህኖች ላይ እኩል ተዘርቷል። ደግማ ሠራችው፤ ያው ነው። ማግኔቱ ምንም አልፈየደም። ያ ሁሉ ልጅ ይህን እየጠጣ ነው! ድንጋጤ ወረራት። መምህሯን ማሳፈር ጨነቃት፤ ዝም ማለት ደግሞ ባሰባት።

እየፈራች ሄደች።

«አፉ በሉኝ ሸህዬ፤ ማግኔቱ ባክቴሪያውን አልነካውም። ልጆቹ…» አለች።

ሸሁ ግራ ቀኝ አዩና ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «አብሽሪ ልጄ፣ ውሃውማ ሳይፈላ አይጠጡም። ረመዳንን ቅር እንዳይለው ብዬ ነው ያሰርኩት።»

አስያ ከእፎይታዋ ብዛት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። አፍታም ሳትቆይ ግን አመሏ ተመለሰ።

«ሰፈሩስ? እርስዎን አይቶ ነው እኮ ያሰረው!»

ሸሁ ደነገጡ፤ ይህን አላሰቡትም። ፒንሳ አንስተው ማግኔቱን በገዛ እጃቸው ፈቱት። ከአሱር ሶላት በኋላም ጎረቤቱን ሰብስበው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ባለበት፣ «ለይሉኝታ ስል አሳሳትኳችሁ» አሉ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስቻለች ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ኧረ ሸህ፣ እኛስ መች ማፍላት ተውን! እርስዎ እንዳይቀየሙን ብለን ነው እንጂ ያሰርነው!»

«እኔም!» «እኛም!» አለ ሰፈርተኛው። ለካ ሁሉም ከሸሁ ተደብቆ ሲያፈላ ኖሯል። ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ አስያም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሸሁ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አሁን ረመዳንን ማን ይንገረው?»

ሁሉም ወደ አስያ ዞረ። እሷ ደግሞ ስልኳን አውጥታ መደወል ጀምራለች።