ጌሾው ላይ የነበረችው ጎጆ

አድማሱ አርብ ገበያ ላይ ፎቶ አንሺ ነው። አርብ በመጣ ቁጥር ከየቀበሌው የሚወርደው ገበሬ በሱቁ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ቆሞ፣ እጁን ግራና ቀኝ ገትሮ፣ ለፍርድ የቀረበ መስሎ ይነሣለታል። በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን የሰውየው ነገር ተለወጠ። ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጓሮው ውስጥ በጉልበቱ ሲድህ፣ ንብና ጢንዚዛ፣ ቢራቢሮና ወፍ ላይ ሲያደባ ይውል ጀመር። ጎረቤቱ ቀለመ ወርቅ በአጥር አሻግሮ አይቶት፣ የሚያነሣው ሰው ቢያጣ ትል ማንሣት ጀመረ ብሎ ለመንደሩ አወራ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሚስቱ አሰለፈች ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ይዛለች። ጓሮውን ያቀናችው እሷ ናት፤ ጌሾውንም ኮኩንም በእጇ ተክላለች። አሁን ግን እንኳን ጓሮ፣ ደጃፍ መውጣትም አቅቷታል። ስለዚህ አድማሱ ያነሣውን ሁሉ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በካሜራው ስክሪን ያሳያታል። ከሁሉ የወደደችው ጌሾው ላይ ጎጆ የሠሩትን ድንቢጦች ነበር። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው እናታቸውን ሲጠብቁ ባየች ቁጥር ትስቃለች፤ እሷ ስትስቅ እሱም የሐኪሙን ቃል ለጥቂት ጊዜ ይረሳዋል።

ሐኪሙ እሷን ደጅ አስቀምጦ ለባሏ ብቻ ነበር የነገረው። ጉበቷ አልቋል፣ ክረምቱን አትሻገርም አለው። አድማሱ ወጥቶ ጨጓራ ነው፣ በመድኃኒት ይለቅሻል አላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን በሽታው የተደበቀው ከባለቤቱ ነበር። ክፋት አልነበረበትም። ክፉ ወሬ ለታመመ ሰው አይነገርም ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው።

በሰኔ መግቢያ አንድ ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው አደረ። ጠዋት አድማሱ ጓሮ ሲወጣ ጎጆዋ ጭቃ ላይ ተደፍታ፣ ጫጩቶቹ ሞተው አገኛቸው። ይህን ይዞ እንዴት ይግባ? ከኮኩ ሥር ቀበራቸው፤ እጁን ታጥቦ ገባና የትናንቱን ፎቶ አውጥቶ፣ ዛሬ ያነሣሁት ነው ብሎ አሳያት።

አሰለፈች ካሜራውን ተቀብላ ብዙ አየች። አልሳቀችም።

"አድማሱ፣ ሌሊቱን ያን ያህል ዘንቦ ቅጠሉ አቧራ እንደለበሰ ነው?"

በረዶው እንደገደላቸው ነገራት። ካሜራውን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጣ ፊቱን ትመለከተው ጀመር፤ እሱ ዓይኑን አሸሸ።

"ሐኪሙስ ምን ነበር ያለህ?"

ጨጓራ ሊል አፉን ከፈተና አቃተው። አንገቱን ደፍቶ የተባለውን ሁሉ ነገራት። ሲጨርስ እጁን ያዘችው።

"እህቴ እስቴ አገር ናት፤ ከተኳረፍን ስንት ዘመናችን። የንስሐ አባቴንም አላየሁ። ሳልሰናበት ልትሸኘኝ ነበር?"

አድማሱ ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም። ቄሱን ጠርቶ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠና እህቷን ሊያመጣ ወደ እስቴ ተነሣ።