ለነፍሰ ገዳይ የተነፋ ዋዛ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ "የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ እሠራለሁ" እላለሁ። "ውይ ጎበዝ! የትኛው ላይ?" ይሉኛል። ያን ጊዜ ነው ጉዱ። የኔ ሙዚቃ የሚሰማው ሌባ አጥር ሲዘል፣ ኮንትሮባንዲስት ድንበር ሲያቋርጥ፣ ወይም አንዱ በሌላው ምግብ ውስጥ መርዝ ሲጨምር ነው። ፍቅረኞች ሲገናኙ አንድም ቀን ተጠርቼ አላውቅም።

ምክንያቱን አላጣሁትም። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ከሱዳን ተሰድጄ አሶሳ ያደግሁ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነኝ። አሶሳ ላይ "ሱዳኑ" ይሉኝ ነበር፤ አዲስ አበባ ስገባ ደግሞ "ያ የአሶሳው ልጅ" ሆንኩ። ዳይሬክተሮቹ ድርሰቱ ውስጥ ክፉ ሰው በገባ ቁጥር ይደውሉልኛል። "እስቲ ያንን የናንተን አገር ነገር አምጣልን፣ ጨለም ያለውን።" ጨለም ያለው! እናቴ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረውን ዜማ እኮ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ሰሞን አማርኛዬም አላገዘኝም። አንዱን ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ዳይሬክተር "አንቺ ወንድሜ፣ ሙዚቃው አልቃለች" ብዬው ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። እስካሁን ስደውልለት "አቤት፣ አንቺ ነሽ?" ይለኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ፣ እንጀራ ነው።

አምና ታዲያ አንዱ ዳይሬክተር ደወለና "ታሪኩ አሶሳ ላይ የሆነ ተከታታይ ድራማ ልንሠራ ነው። ሠርግ አለበት፤ የአካባቢውን እውነተኛ የሠርግ ሙዚቃ እፈልጋለሁ" አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። "ዋዛ ነው የሚያስፈልግህ" አልኩት።

"ኧረ ቀልድህን ተው።"

ቀልድ አልነበረም፤ የመሣሪያው ስም ነው። በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ መሆኑ የኛ ጥፋት አይደለም። የኛ ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ የሚሠራ ረጅም ጥሩምባ ነው። እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁን ጣል አድርጎ ዝም ሲል ቀጣዩ ይቀበለዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ነው ዜማ የሚሆነው። አሶሳ አጠገብ ሆሞሻ የሚኖረው አጎቴ ትልቁን፣ ወፍራም ድምፅ ያለውን ይነፋል።

ዘር ከተዘራ ጀምሮ እህል እስኪደርስ ዋዛ አይነፋም። ዳይሬክተሩ እየተነጫነጨ አዝመራውን ጠበቅን። ጊዜው ሲደርስ አጎቴ ባልደረቦቹን ሰብስቦ ማንጎ ዛፍ ሥር ሙሽራ የሚሸኙበትን ዜማ ነፉልኝ። ድምፁ ጥራት እንዲኖረው ለእያንዳንዱ ነፊ የየራሱን ማይክ አድርጌ ነው የቀዳሁት።

ሲጨርሱ አጎቴ ላቡን እየጠረገ በበርታኛ አጫወተኝ። "የእህቴ ልጅ፣ ስማኝ። ልጄ ከሮመዳን በኋላ ታገባለች። ከተማ ያደገች ናት፣ በኛ ነገር ታፍራለች። ዋዛውን ቴሌቪዥን ላይ ካየችው ግን ሠርጌ ላይ አትንፋ አትለኝም።"

"ወላሂ፣ ኻሊ፣ አብረን እናየዋለን" አልኩት። ኻሊ አጎቴ ማለት ነው። ለሱ ድራማው ከዚህ ሌላ ትርጉም አልነበረውም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኔም።

ድራማው ሲጀመር እኔ ከአዲስ አበባ፣ አጎቴ ከሆሞሻ አሶሳ መጣን፤ ልጁንም ይዘን ያደግሁበት ሰፈር ያለ ሻይ ቤት ገባን። ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሰው ሁሉ የገዛ ከተማውን በቴሌቪዥን ሊያይ ተሰብስቧል። ሠርጉ ደረሰ። በኪቦርድ የተሠራ የመሐል አገር የሠርግ ዘፈን ተለቀቀ። "ቆይ፣ ይመጣል" አልኩ። መጣም። ነፍሰ ገዳዩ ቢላዋ ይዞ ከበሩ ኋላ ብቅ ሲል፣ የአጎቴ ዋዛ ብቻውን "ቡኡኡ" አለ። አንድ እርምጃ ሲራመድ "ቡኡኡ"። ሙሽራዋን ሲወጋት "ቡኡኡ"።

አጎቴ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየና በዚያች በተሰባበረች አማርኛው ጮክ ብሎ "ሌሎቹ የት ሄደች?" አለ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የሳቁት በአማርኛው ነው። እሱ ግን ከልቡ ነበር የጠየቀው፤ አብረውት የነፉት ጓደኞቹ የት እንደገቡ አልገባውም። ልጁ ሻርፗን ወደ ፊቷ ጎተተች።

እዚያው በር ላይ ቆሜ ለዳይሬክተሩ ደወልኩ። "ኤዲተሩ ነው ለይቶ ያወጣት" አለኝ። "ግን ሰማሃት አይደል? ፀጉር ታቆማለች! እስካሁን ከሠራኸው ሁሉ ምርጡ ነው፣ እንኳን ደስ አለህ!"

"የሙሽራ መሸኛ እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩበት።

"እሱን ማን ያውቃል ብለህ ነው?"

እኛ እናውቃለና! እኛ ሰው አይደለንም? ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ድራማው ተወደደ፤ ከሁሉም በላይ ያቺ "ቡኡኡ" ተወደደች። የስልክ መጥሪያ ያደረጓትም አሉ። አጎቴ ገበያ ሲወጣ "ገዳዩ መጣ!" እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። ዋዛ ይዞ ሲያልፍማ የሚያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ ደረታቸውን ይዘው እንደተወጋ ሰው ይወድቁለታል። እሱም ለይሉኝታ ይስቃል።

ሮመዳን ካለቀ በኋላ ልጁ ደወለችልኝ። "ወንድምዬ፣ በናትህ ኪቦርድህን ይዘህ ሠርጌ ላይ ና። ዋዛው ከተነፋ ሰው መሳቁ አይቀርም። በአማቶቼ ፊት አልችለውም።"

"አባትሽስ? ምን ይላል?"

"ራሱ ነው ደውዪለት ያለኝ።"

ሄድኩ። ያንኑ የመሐል አገር ዘፈን ተጫወትኩ፤ ከበሮውንም፣ ማሲንቆውንም፣ ክራሩንም ከኪቦርዱ እያወጣሁ። አጎቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ዋለ። ባልደረቦቹም እንደማንኛውም እንግዳ በልተው ሄዱ። ሙሽራዋ ከተሸኘች በኋላ ገመዴን ስጠቀልል አጎቴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር አየውና "አንተስ ታድለህ፣ ሁሉንም ብቻህን ትጫወታለህ" አለኝ።