መርዶ ነጋሪው አባቴ

አባቴ አቶ ይሻው በደብረ ታቦር በር፣ መስኮትና አልጋ እየሠሩ ያሳደጉን አናጢ ናቸው። ሰፈሩ ግን ይበልጥ የሚያውቃቸው በመርዶ ነው። ሰው ሲሞት እድሩ ቤተሰቡን የሚያረዱ ሽማግሌዎች ይልካል፤ ከፊት የሚሄዱት ሁልጊዜ አባቴ ነበሩ። ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው ከግቢያችን ሲወጡ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ወዴት እንደሚዞሩ ያይ ነበር።

አንድ ክረምት፣ የነርስነት ትምህርቴን ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ፣ «አዲስዓለም፣ ነጠላሽን ልበሺና ተከተይኝ» አሉኝ። ሞገስ የሚባል ጫኝና አውራጅ ሐሙሲት ላይ ከጭነት መኪና ወድቆ ሞቶ ነበር። ሚስቱ ጥሩወርቅ ብቻዋን ስለነበረች ሴት አብራን ብትገባ ይሻላል ብለው ነው። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ እሸቴም አብረውን ነበሩ።

ገና ከመግባታችን አቶ እሸቴ ቀደሙና፣ «ሞገስ ወድቆ ትንሽ ተጎድቷል» አሏት።

ጥሩወርቅ አልጮኸችም። ከሣጥኗ የታጠበ ሸሚዝ አወጣች፤ አጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ለአጥሚት የሚሆን ዱቄት ትፈልግ ጀመር። «የትኛው ሆስፒታል ነው ያለው? አሁን ብወጣ መኪና አገኛለሁ?» ትላለች።

አባቴ ፌስታሉን ከእጇ ተቀብለው እሷን መሬት ላይ አስቀመጧት። «ጥሩወርቅ፣ እህቴ፣ ሞገስ ሞቷል። አስከሬኑ እየመጣ ነው።»

ያን ቀን እስኪመሽ ከአጠገቧ አልተነሱም። ስንመለስ መንገድ ላይ ቆሙና፣ «ሸሚዙን ስታጥፍ አየሻት?» አሉኝ። «ሞቱን እኛ አላመጣንም፤ ሸሚዙን ያሳጠፍናት ግን እኛ ነን። ስሙን ጥሪና ሞተ በይ። ከዚያ ቶሎ አትውጪ። ብትሰድብሽም፣ ብትመታሽም ተቀመጪ።»

ነርስ ሆኜ እዚሁ ከተማችን ጤና ጣቢያ ስገባ በዚህ ነው የሠራሁት። ከገሳይ የመጣች አንዲት እናት ልጇ መሞቱን ስነግራት ደረቴን በጡጫ መታችኝ። ተቀመጥኩ። ቆይታ ራሷን ጭኔ ላይ አስደግፋ አለቀሰች።

ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን አምና በመስከረም ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወረደ። ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ስለነበር ለሠርጉ ትንሽ ልሥራ ብሎ ነው። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክም ተቋረጠ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ እቤት የቀረነው እኔና አባቴ ነን። አባቴ ከዚያ በኩል የመጣ ሰው አለ በተባለ ቁጥር መናኸሪያ ድረስ እየሄዱ ይጠይቁ ነበር። ሲመለሱ ለሙሽሮቹ የጀመሩትን የዋንዛ አልጋ ይልጉ ነበር።

በመጋቢት አጋማሽ ከሙሉቀን ጋር የወረደው ጓደኛው ሙላቴ ተመለሰ። አባቴን ፈርቶ እኔ የምሠራበት መጣና አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ገና ሳየው ገባኝ።

«ኅዳር ላይ ነው» አለኝ። «ወባ ነው። ሦስት ቀን ታመመ። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው።»

አቶ እሸቴ ዘንድ ሄድኩ። «የአባትሽን ደም ብዛት እያወቅሽ?» አሉኝ። «ጾሙ ይለፍ። ፋሲካን ያክብሩ፤ ከዚያ እኛው እናረዳቸዋለን።»

እሺ አልኩ። የአባቴን ግፊት የምለካው እኔ ስለሆንኩ እሺ ለማለት ምክንያት ነበረኝ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

በሁለተኛው ቀን እራት ላይ አባቴ፣ «የአልጋው ራስጌ ላይ መስቀል ልቅረጽበት፣ ወይስ አበባ ይወዳል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አበባ» አልኩ።

ሦስት ቀን አበባ ሲቀርጹ ዋሉ። እኔ ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ፤ ፊቴን ታጥቤ ቤት እገባለሁ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አልጋውን ቫርኒሽ ሊቀቡ ቆርቆሮውን ሲከፍቱ አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቀመጡም። «ሙሉቀን ሞቷል» አልኩ። «ኅዳር ላይ፣ በወባ። መተማ ተቀብሯል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሙላቴ።»

«መቼ?»

«ዘጠኝ ቀኔ ነው።»

ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አጋደሙት። «ዘጠኝ ቀን አብረሽኝ በላሽ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «አበባ አልሽኝ» አሉ። ከዚያ ግቢው መሃል ወጥተው «ልጄን!» ሲሉ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማ። ልይዛቸው ስል እጄን አስለቀቁኝ፤ መጀመሪያ የያዟቸው ጎረቤቶች ናቸው። እኔ በሩ ሥር እንደ ባዳ ቆምኩ።

ሐዘኑ ካበቃ በኋላ አልጋውን ራሳቸው ፈታትተው እንጨቱን ግድግዳ ሥር ደረደሩት። አቶ እሸቴ ለሌላ መርዶ ሊጠሯቸው ሲመጡ፣ «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሏቸው። ግፊታቸው ወጥቶ የቀኝ ዓይናቸው ደክሟል፤ መጋዝ አይዙም።

ይቅር ይበሉኝ ብያቸዋለሁ። «ይቅር ብዬሻለሁ» ብለውኛል፤ አምናቸዋለሁም። ቢሆንም ከሥራ ስመለስ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «የምትነግሪኝ አለ?» ይሉኛል።

«የለም፣ አባዬ።»

በግራ ዓይናቸው ፊቴን ትንሽ ያያሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ለእራት ይቀርባሉ።