ጡብ ሠሪዎቹን ለሁለት የከፈለው መስመር

ካርታ ነዳፊዋ ሥራዋን ትወድ ነበር። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት የምርጫ ወረዳዎች እንደገና ይከለሉ ሲባል፣ ረቂቁን የምታወጣው እሷ ሆነች። ደንቡ ቀላል ነው፤ ሲያስቡት ደግሞ ብልሃት አለው። የወረዳዎቹ ሕዝብ ቁጥር መቀራረብ አለበት፤ ድንበሩም ማንም ሰው በዓይኑ በሚያየው ነገር፣ በወንዝ ወይም በመንገድ፣ ላይ ማለፍ አለበት። እሷም ሰፊውን አስፋልት መረጠች። ቁጥሩ ልክ መጣላት፤ አለቃዋም አመሰገናት።

ችግሩ መንገድ ካርታ ላይ ሲለያይ ኑሮ ላይ ማገናኘቱ ነው። እሷ የተወለደችበት የጡብ ሠሪዎች ሰፈር በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለ ነው፤ ጭቃውን በአንዱ በኩል አቡክተው በሌላው ጡቡን በእሳት ያቃጥላሉ። ውሃ እንዲገባላቸው የሚሟገት የራሳቸው ሰው ብለው ታላቅ ወንድሟን ለምክር ቤቱ እጩ አድርገው አቅርበው ነበር። ለሁለት ሲከፈሉ ግን በሁለቱም ወረዳ ጥቂት ሆኑ።

ይህ ሲገባት ወደ አለቃዋ ሮጠች።

«መስመሩን ልቀይረው፣ ጋሼ!»

«እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ይበላሻል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «እኛ ብንከፍላቸው ጉድ ይፈላ ነበር። የገዛ ልጃቸው ስትከፍላቸው ማን ይናገራል?»

ረቂቁ ጸደቀ፤ በምርጫውም ወንድሟ ተሸነፈ። ልትጠይቀው ስትሄድ ከበሩ ላይ ፈቀቅ አላለም።

«እታለም፣ ትምህርት ቤት ስንሄድ እጅሽን ይዤ ያሻገርኩሽ መንገድ እኮ ነው» አላት። «ካርታ ላይ ስታዪው ጠፋሽ?»

ግቢም አላላትም።